ታይቱን ገልብጡት፦ የስፖርት ልብስ የሚከዳን በጨርቁ ነው በስፌቱ?

እንደምን ሰነበታችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ በፊት፣ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ እሮጣለሁ። ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዝም ብሎ ሽቅብ መውጣት አይደለም። አንዱን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ፣ አንድ እርከን ወጥቶ፣ በላይኛው ረድፍ መመለስ ነው። በየጫፉ መታጠፍ አለ፣ መዝለል አለ፣ ጠዋት ከሆነ የሰው መዓት ማለፍም አለ። ልብስ የሚፈተነው እዚያ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ሱቆች ካንዱ ጥቁር ታይት በ1,800 ብር ገዛሁ። ጨርቁ ሐር ይመስላል። ሻጩ በሁለት እጁ ወጥሮ አሳየኝ፣ አስዳሰሰኝ፣ እኔም ዳስሼ ከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የታፋዬ ውስጥ ተላጠ። በአምስተኛው ከብሽሽቱ ዝቅ ብሎ ሁለት ጣት ያህል ተተረተረ፤ ጨርቁ ግን አሁንም እንዳዲስ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት ከሰልባጅ ክምር መዝዤ በ150 ብር ያመጣሁት፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጉልበቱ የሳሳ ታይት አለኝ። እሱ አንድም ቀን ቆዳዬን አልላጠም፣ አንድም ክር አልበጠሰም።

ሁለቱን ገልብጬ አልጋ ላይ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። የአዲሱ ስፌት ወደ ውስጥ የቆመ ጠርዝ አለው፤ በጣት ሲዳሰስ ሲባጎ ነው። የአሮጌው ግን ሁለቱ ጨርቆች ሳይደራረቡ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው፣ ክሩ ከላይና ከታች እንደ ሰፌድ ተሸርቦባቸዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ስዳስሰው የቱ ጋ እንደተሰፋ ይጠፋኛል። ስለዚህ እላለሁ፦ ጨርቅ እየዳሰስን ስንገዛ እየተሸወድን ነው። ምቾቱም ዕድሜውም ያለው ስፌቱ ላይ ነው። ተሳስቼ ከሆነ፣ ልብስ የምትሰፉ አርሙኝ።

(ይህን ከጻፍኩ ዘጠኝ ቀን ሆነ። የውይይቱ ክር ከታይቴ ክር ይልቅ ጠንክሮ ስለረዘመ፣ መሐል ላይ የሚገባ ሰው እንዳይደናገር የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እኔው እነግራችኋለሁ። ያዳላሁበት ቦታ ካለ ባለቤቱ ይውቀሰኝ።)

ቁጥር 1፦ ተስማማ፣ አመሰገነ፣ ቫዝሊን እንድቀባ መክሮኝ ሄደ። ቫዝሊን የማያውቅ ሯጭ ያለ ይመስል።

ቁጥር 2፦ ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የተማረች እህት ናት፤ ጨርቁን እንዳልንቅ በትሕትና አሳሰበችኝ። ቁጥርም ይዛ ነው የመጣችው። ጥጥ እንዲሁ ተሰቅሎ እንኳ ከአየር ላይ የደረቅ ክብደቱን 8.5 በመቶ ያህል እርጥበት ይስባል፤ ናይለን 4 በመቶ ገደማ፣ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ። በጥጥ ካናቴራ የሮጠ ሰው ላቡን ተሸክሞ ቤቱ የሚገባው ለዚህ ነው። የረጠበ ጨርቅ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ፍትጊያው ይብሳል፣ ላቡ ሲደርቅ የሚቀረው ጨው ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ውሃ ያዘለ ጨርቅ የፈለገውን ያህል በጥሩ እጅ ቢሰፋ ይልጣል ነው ነገሯ። ተቀበልኩ። ግን ሁለቱም ታይቶቼ የፖሊስተርና የስፓንዴክስ (እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ክር) ድብልቅ ናቸው፤ የሁለቱን ልዩነት ጨርቅ አያስረዳውም ብዬ መለስኩላት። ልቧን አልሞላሁትም መሰለኝ፣ ዝም አለች።

ቁጥር 3፦ በ1,800 ብር መሸወዴን ብቻ ነግሮኝ አለፈ። መርካቶ ብወርድ ኖሮ፣ ወዘተ። ይህን አውቀዋለሁ፤ እናቴም ነግራኛለች።

ቁጥር 4፦ እዚህ ጋ ቁም ነገር መጣ። ድሮ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ሱቅ የነበራቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ፤ እኔም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ነገሩን ከሲንጀር ጀመሩት። በተለመደው የልብስ ስፌት መኪና የላይኛውና የታችኛው ክር ጨርቁ መሐል ላይ ተቆላልፈው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ለኮትና ለሱሪ ከዚህ የተሻለ የለም። የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ግን ክሩ አብሮ የሚሄድበት ትርፍ የለውም፤ ጨርቁ ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል። ኦቨርሎክ የሚባለው ስፌት ክሩን በጨርቁ ጠርዝ ዙሪያ እየጠመጠመ ስለሚሄድ ትርፍ አለው፣ ስለዚህ ይለጠጣል፤ ጣጣው እንደ አዲሱ ታይቴ የቆመ ጠርዝ መተዉ ነው። ፍላትሎክ ደግሞ እኔ በአሮጌው ላይ ያየሁት ተኝቶ የሚሰፋው ነው። አንድ ሙከራም አስተማሩኝ፦ ስፌቱን በርዝመቱ በሁለት እጅ ይዞ ጆሮ ሥር አስጠግቶ እስከ መጨረሻው መሳብ። ተስ ተስ ካለ ክሩ እየተበጠሰ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ልብስ ሱቅ ውስጥ ጥሎ መውጣት ነው። ወዲያው ሞከርኩት። አዲሱ ሁለቴ ተስ አለ። አሮጌው ትንፍሽ አላለም።

ቁጥር 5፦ ጋሼን በአክብሮት ያረመ ወጣት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ መስመር ላይ ሠርቷል። እሱ በነበረበት ቦታ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች ፍላትሎክ ይባሉ ነበር። እውነተኛው በ4 መርፌና በ6 ክር ሁለቱን ጨርቆች ጫፍ ለጫፍ የሚያጋጥመው ነው፤ በዓለም አቀፉ የስፌት ቁጥር 607 ይባላል። ሌላው የቲሸርት እጅጌና የታችኛውን እጥፋት የሚሰፋው ነው፤ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያለ መስመር ያሳያል፣ ከሥሩ ደግሞ የክር መረብ። ስለዚህ ሻጭ ፍላትሎክ ነው ሲል ማመን አይገባም፤ ገልብጦ ጨርቁ መደረብ አለመደረቡን ማየት ነው። ለኦቨርሎክም ጥብቅና ቆመ፦ ጠርዙን የሚጠመጥመው ክር ያልተገመደ፣ ጥጥ ጥጥ የሚል ዓይነት ከሆነና ስፌቱ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ከተሰፋ ቆዳን አይነካም። እኔን የላጠኝ ስፌቱ ኦቨርሎክ መሆኑ ሳይሆን ክሩ ደረቅ መሆኑ ነው። ጋሼ ልጁን መረቁት።

ቁጥር 6 ስፓንዴክስና ላይክራ ምንና ምን ናቸው ብሎ ጠየቀ፤ ቁጥር 7 አንድ መሆናቸውን ነገረው። ላይክራ የንግድ ስም ነው፤ ክሩን በ1958 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያወጣው ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ነው። ከናይለን ወይም ከፖሊስተር ጋር እየተደባለቀ እንጂ ብቻውን ልብስ እንደማይሠራበትም ጨመረ።

ቁጥር 8፦ ነገሩ እዚህ ጋ ሻከረ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶን ባሸነፈበት አገር፣ ስለ ብሽሽት ስፌት ዘጠኝ አንቀጽ መጻፍ ቅንጦት ነው ብሎ ገባ። ዘጠኝ አልነበረም፤ ሦስት ነው የጻፍኩት።

ቁጥር 9፦ ለቁጥር 8 ምሕረት አላደረገለትም። አበበ በ1952 ዓ.ም ሮም ላይ ባዶ እግሩን የሮጠው የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው እንደሆነ፣ በ1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት እንደሰበረ አስታወሰው። የማይመች ነገር አውልቆ የጣለን ሰው ለማይመች ልብስ ምስክር አድርጎ መጥራት ታሪክ አለማወቅ ነው፤ እንዲያውም ከዚያ የጠነከረ ቃል ተጠቅሟል፣ እኔ ትቼዋለሁ። ቁጥር 10 ሁለቱን ሊያስታርቅ ሞክሮ ከሁለቱም ተሰደበ።

ቁጥር 11፦ ስለ ትከሻ የጻፈ አንድ ሰው። ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ላፕቶፕ በጀርባው አዝሎ እየሮጠ ሥራ የሚገባ ነው። የተለመደ ቲሸርት ስፌቱ ትከሻ አናት ላይ ስለሆነ የቦርሳው ማንገቻ በቀጥታ እሱ ላይ ይጫናል። ከአንገት ተነስቶ ወደ ብብት በሰያፍ የሚወርድ እጅጌ ያለውን መልበስ ከጀመረ ወዲህ ቁስሉ ጠፋ። ይህ ቅድ ራግላን ይባላል፤ ስሙ በዋተርሉ ጦርነት ቀኝ እጁን ካጣ እንግሊዛዊ ጄኔራል የመጣ ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ ልብሱ ከወገብ ተከትሎ አለመነሣቱም ሌላ ጥቅም ነው ይላል። የታይት ጉዳይ ባይሆንም ጠቀመኝ፤ ሦስት ቲሸርት ገልብጬ አየሁ፣ አንዱ ራግላን ሆኖ ተገኘ። ለካ ካጠብኩት ልብስ መሐል ሁሌ ለመልበስ የምቸኩለው እሱን ነው።

ቁጥር 12፦ ይህችን መልስ ሦስቴ ነው ያነበብኳት። ጸሐፊዋ ቅድ አውጪ ናት፤ ማለትም ሰፊው ከመስፋቱ በፊት ጨርቁ በምን ቅርጽ እንደሚቆረጥ የምትወስነው። ሳትከራከር ሁለቱንም ታይት ገልብጬ ብሽሽታቸውን ፎቶ አንስቼ እንድለጥፍ ጠየቀች። ትንሽ አፈርኩ፣ ለጠፍኩ። በአዲሱ ላይ የፊት ስፌት፣ የኋላ ስፌት፣ የሁለቱ እግሮች ውስጥ ስፌት፣ አራቱም አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ማለት ነው። እግር በተከፈተ ቁጥር ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያች ነጥብ ላይ ነው። አራት ውፍረት ስፌት ስለተደራረበም ቆዳውን የሚፈጨው እሱው ነው። በአሮጌው ላይ ግን መሐሉ ላይ ለብቻው የገባ ቁራጭ ጨርቅ አለ። አራቱ ስፌቶች እርስ በርስ አይገናኙም፤ እያንዳንዱ ቁራጩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የእግሩም ስፌት ታፋ ከታፋ በሚፋተግበት መስመር ላይ ሳይሆን ወደ ፊት ፈቀቅ ብሎ ነው የወረደው። አራት ዓመት ለብሼው ይህን አላየሁም! የእሷ ፍርድ መቀስ የሠራውን ጥፋት ክር ላይ ደፍድፌያለሁ የሚል ነበር። በጥሩ ክር ቢሰፋ ኖሮ ያ ታይት ከአምስት ሳምንት ይልቅ አሥር ይቆይ ነበር፤ መላጡ ግን አይቀርም።

እውነቷን ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፌን አልሰርዘውም፣ ግን ግማሹ ስህተት መሆኑን እዚሁ ላይ ጽፌያለሁ።

ቁጥር 13፦ ጋሼ ተመለሱ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። ቅዱ ጥፋተኛ መሆኑን አልካዱም፤ የተተረተረው ግን ስፌት ነው፣ ሰፊውም ድርሻ አለው አሉ። ከዚያ ስለ መርፌ አወሩ። ሹል መርፌ የተሸመነ ጨርቅ ላይ ጥሩ ነው፤ እንደ ሹራብ የተጠለፈ ጨርቅ ላይ ግን ክሩን ወግቶ ይቆርጠዋል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ከስፌቱ ጎን ለጎን ትንንሽ ቀዳዳ ይደረደራል። ለዚያ ጫፏ ድብልብል ያለች መርፌ አለች፤ ክሩን ገፋ አድርጋ በመሐል ታልፋለች። የስፌቱ ጥቅጥቅታም በሴንቲ ሜትር 4 ወይም 5 የመርፌ ውግ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲሳሳ ክሩ ትርፍ ያጣል፣ ከመጠን በላይ ሲበዛ ጨርቁ ወንፊት ይሆናል። ታይቴን ብርሃን ላይ ይዤ ስፌቱን አየሁት። ቀዳዳ የለም። ቢያንስ መርፌው ደህና ነበር።

ቁጥር 14፦ እንዴት ነው የምታጥቢው? ከዚህች ጥያቄ በኋላ ለመሰደብ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሽታው እንዲለቅ አንዳንዴ ጠብታ በረኪና እንደምጨምርና ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆርቆሮ አጥር ላይ እንደማሰጣ በየዋህነት ተናገርኩ። በረኪና ስፓንዴክስን ይበላዋል፤ ታይቱ ሳይቀደድ ይሞታል፣ ተለጥጦ አይመለስም። የጋለ ቆርቆሮም ያው ነው። የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ ደግሞ ቃጫውን ስለሚለብጠው ላቡ በጨርቁ ላይ ተሰራጭቶ መድረቁ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙና፣ ተገልብጦ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ላይ። የቆጣችኝ ቃል ከባድ ነበር፣ ትምህርቱ ግን ትክክል ነው። (አሮጌው በረኪናውን ከእኔ ጋር አራት ዓመት ተቋቁሟል፤ ጉልበቱ የሳሳው ግን በምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።)

ቁጥር 15፦ ስለ ወገብ። ላስቲክ እጥፋት ውስጥ ብቻ ገብቶ ከሆነ ይጠማዘዛል፣ ሲታጠፍ ሆድ ይከረክራል። ሰፋ ብሎ፣ ጨርቁ ተደርቦ፣ ላስቲኩ ከጨርቁ ጋር የተሰፋው ቦታውን ይይዛል። የኪስ አፍ ጥጎች ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለች አጭር ስፌት መኖሯን ማየት ይገባል፤ ስልክ የያዘ ኪስ መጀመሪያ የሚቀደደው ከጥጉ ነው። አጭርና ጥሩ መልስ።

ከቁጥር 16 እስከ 18 ያለው በሙሉ ወጣ ብሎ ሄደ። አንዱ የጋሼ ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቀ፣ ጋሼ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም ከፈረሰ ወዲህ ቦታ መቀየራቸውን ተናገሩ፣ ሌላው ስለ ኮሪደር ልማት አነሣ፣ አንደኛዋ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለሩጫ መመቸቱን አመሰገነች፣ ተናደዱባት። ጋሼ ራሳቸው ስለ ታይት ብቻ እናውራ ብለው አረጋጉት። አድራሻቸውን በግል ላኩልኝ።

ቁጥር 19፦ አንድ ወንድም ለመጠየቅ አፍሮ አፍሮ በመጨረሻ ጠየቀ፦ ረጅም ሲሮጥ የጡቱ ጫፍ ይደማል። ቀልደኞች ሳይቀድሙ ቁጥር 2 ደርሳ አዳነችው። ሰፊ የጥጥ ቲሸርት ረጥቦ እየተወዛወዘ ነው የሚፈጨው፤ ወይ ሰውነት የሚይዝ ስስ ፖሊስተር፣ ወይ ከመነሣት በፊት ፕላስተር። ቁጥር 20 በዚሁ ገብታ በታላቁ ሩጫ ዋዜማ የቲሸርቷን አንገት በመቀስ እንደምትቆርጠው ተናገረች፤ አንገት ማነቁ ይቀርላታል። ስስ ሹራብ ጨርቅ ሲቆረጥ እንደ አቡጀዲ አይተረተርም፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ይጠቀለላል እንጂ፤ ለ10 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

ቁጥር 21፦ ይህ እኔ ነኝ። ሰኞ ከሥራ በኋላ ታይቱን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌ ማልያ ላይ ቆርጠው፣ ብሽሽቱን ፈትተው፣ እንደ ካርታው ዳይመንድ ባለ አራት ጥግ ቁራጭ አስገቡበት፤ በለስላሳ ክር ኦቨርሎክ አድርገው አስተኙት። ሻይ ጋበዙኝ፣ 100 ብር ተቀበሉኝ። ረቡዕ ጠዋት ሮጥኩበት፣ ደረጃውን ሙሉ ሁለቴ። መሐሉ ምንም አላለኝም፣ የለበስኩትንም ረሳሁ። ቤት ስገባ ግን ቀኝ ታፋዬ ላይ አንዲት ሳንቲም የምታህል ቦታ ቀልታለች። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ።

ቁጥር 22፦ ቅድ አውጪዋ ወዲያው አየችው። ዳይመንድ አራት ሹል ጥግ አለው፤ በእያንዳንዱ ጥግ ሦስት ስፌት ይገናኛል። አንዱን ትልቅ አደባባይ ወደ አራት ትንንሽ ከፋፈልነው እንጂ አላጠፋነውም። ጥጉ ክብ ተደርጎ፣ የለውዝ ፍሬ መስሎ፣ ወደ ታፋው ረዘም ብሎ መውረድ ነበረበት።

ቁጥር 23፦ ጋሼ አልተቆጡም። ክብ ጥግ ላይ የሚለጠጥ ጨርቅ ሳይጨማደድ መስፋት ቀላል እንዳልሆነ፣ የርዝመቱን ልክ በግምት ማውጣት እንደማይፈልጉ ገለጹ። ልኩ ያለው አሮጌው ታይት ላይ ነው። ቅዳሜ ከ4 ሰዓት በኋላ ሁለቱንም ይዤ እንድመጣ፣ አሮጌውን ስፌት በስፌት ፈትተው ወረቀት ላይ እንዲያወጡት ጠየቁኝ። ወረቀቱ ከተገኘ ለፈለገው ሁሉ ይሰፋሉ። መልሰው ሲገጥሙት ግን በኦቨርሎክ ነው፤ ባለ 4 መርፌው ማሽን የላቸውም።

ቁጥር 24 ይፈታ ይላል። ቁጥር 25 እንዳልሞክረው። ቁጥር 5 ሳይፈታ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት በላዩ ላይ እየነደፉ ማውጣት ይቻላል ይላል፤ ቁጥር 12 ደግሞ የሚለጠጥ ጨርቅ ተሰፍቶ ሳለ ተኝቶ ስለማይነደፍ ልኩ ይዛባል ብላ መለሰችለት። ዛሬ ዓርብ ነው። አሮጌው ታጥቦ ጥላ ላይ ተሰጥቷል።